ጉልበትም መጠንም ለሚፈልግ፦ ከደሴ ጂም

ደሴ ጂም ውስጥ የሚውል ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ሳምንት አያልፍም። «ኮች፣ ለጉልበት ልሥራ ወይስ ለመጠን?» አንዱ ደረቱ ሸሚዙን ሞልቶት ማየት ይፈልጋል። ሌላው አግዳሚ ላይ በጀርባው ተኝቶ 100 ኪሎ ካልገፋ፣ ቤንች የምንለውን ማለት ነው፣ እንቅልፍ የለውም። አብዛኛው ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱን ሲይዝ ሌላው የሚያመልጠው ይመስለዋል።

አብሽሩ። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የማይሆነው ሁለቱን እኩል አለቃ ማድረግ ነው። በአንድ ወቅት አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። መቼ የትኛው ይምራ ለሚለው ደግሞ እኛ ወሎዬዎች ቀላል መልስ አለን፤ የጾሙ ካላንደር ይነግረናል። እዚያ እንደርሳለን።

ጠንካራ ሁሉ ትልቅ አይደለም

ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ እህል የሚያወርዱትን ልጆች እዩ። ቀጭን ልጅ ነው። ክንዱ ከጂም ልጆች ክንድ ግማሹን ቢያክል ነው። ግን ከአይሱዙ ላይ 100 ኪሎ ኩንታል በጀርባው ይቀበላል። ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ እግሩን ከፈት ያደርጋል። ትንፋሹን ወደ ሆዱ ስቦ ይይዛል። ወገቡን ያጠብቃል። ከዚያ ነው ጆንያው የሚያርፍበት። አሰልጣኝ የለውም፤ በየቀኑ ከባድ ነገር ስለተሸከመ ሰውነቱ ዘዴውን አወቀው። ያንኑ ኩንታል መስታወት ፊት ሲያምር ለሚውለው የጂም ልጅ ብትጭኑበት ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ይንገዳገዳል።

ጉልበት በትልቁ የነርቭ ሥራ ነው። አንጎል ብዙ የጡንቻ ክሮችን በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይማራል፤ እንቅስቃሴውም ይለምዳል። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሸሚዙ ሳይጠበው የሚያነሳው ኪሎ የሚጨምረው ለዚህ ነው። መጠን ግን የጡንቻው ክር ራሱ መወፈር ነው። እሱ ደግሞ የሥራ ብዛት፣ ምግብና ጊዜ ይፈልጋል።

ጡንቻው ሞተር ነው፣ ነርቩ ሾፌር። ጎበዝ ሾፌር በአሮጌ አይሱዙም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ጭነቱ ሲጨምር ግን ሞተሩ ካላደገ አንዱ መታጠፊያ ላይ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ ጉልበት ብቻ የሚፈልግ ሰው እንኳን ውሎ አድሮ መጠን ያስፈልገዋል። መጠን ብቻ የሚፈልገውም ጉልበቱ ሲጨምር በዚያው 10 ጊዜ የሚያነሳው ብረት ይከብዳል፤ ጡንቻውም የሚያድግበት ምክንያት ያገኛል።

ከጀመራችሁ ስድስት ወር ካልሞላችሁ ይህ ሁሉ አያስጨንቃችሁ። ጀማሪ ምንም ቢሠራ ሁለቱም ያድጉለታል። አቀማመጡን ተማሩ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ኑ፣ በቂ ነው።

ሥራው በቁጥር

ዙር የምንለው ሳታርፉ በተከታታይ የምታነሱትን ነው። የጉልበት ዙር ከባድና አጭር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከምትችሉት ከፍተኛ ኪሎ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ትጭናላችሁ። ከ3 እስከ 5 ጊዜ ታነሳላችሁ። በዙሮቹ መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታርፋላችሁ። አዎ፣ 5 ደቂቃ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ቁጭ ማለት ስንፍና ይመስላቸዋል። ግን ሳያገግሙ የሚነሳ ከባድ ብረት የጉልበት ሥራ መሆኑ ይቀርና የትንፋሽ ሥራ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ወደ እኛ ለሚወጡ ልጆች ደግሞ ይህ ሁለት እጥፍ እውነት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእኛ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ሐረጎን ወጥተው በመጡ ሰሞን ሲያለከልኩ «ደክሜያለሁ» ይላሉ። አልደከሙም፣ አየሩ ነው።

የመጠን ዙር ሰፋ ያለ ነው። ድሮ ከ8 እስከ 12 ካልሆነ ጡንቻ አያድግም ይባል ነበር። አሁን የሚታወቀው ከ5 ጀምሮ እስከ 30 ድረስ በሚነሳ ብረት ሁሉ ጡንቻ እንደሚያድግ ነው፤ ዙሩ ሊያቅታችሁ እስኪቃረብ ድረስ ከሄደ። 30 ጊዜ ስኳት፣ ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ፣ የሠራ ሰው ግን ለምን እንደማልመክረው ያውቃል። ለአብዛኛው ሥራ ከ6 እስከ 15 ጥሩ ነው። ዕረፍቱ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይሁን።

ትልቁ ቁም ነገር የሳምንቱ ድምር ነው። ለአንድ ጡንቻ በሳምንት 10 ዙር ጥሩ መነሻ ነው። ወደ 20 ከተጠጋ ለብዙ ሰው ጣሪያው ነው። አንድ ቀን ላይ 20 ዙር ደረት ሠርቶ ሳምንቱን ሙሉ እጁን ማንሳት ያቃተው ጎረምሳ በየጂሙ አለ። ያንኑ ለሁለት ቀን ቢከፍለው የተሻለ ያገኝበታል።

ሌላው፣ በከባዱ ዙር እስኪያቅታችሁ ድረስ አትሂዱ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲቀራችሁ ባሩን፣ ብረቱ የሚሰካበትን ዘንግ፣ አስቀምጡ። እስከ መጨረሻው መሄድ የፈለገ ሰው በትንንሾቹ ይሂድ፤ በክንድ ፊት (ባይሴፕስ)፣ በክንድ ጀርባ (ትራይሴፕስ)፣ በትከሻ ጎን። ዳምቤል፣ በአንድ እጅ የሚያዘው አጭሩ ብረት፣ ከእጅ ቢወርድ ማንም አይሞትም። ቤንች ላይ ግን ባር አንገት ላይ ያርፋል። የሚይዝላችሁ ሰው ከሌለ የባሩን ጫፍ ማሰሪያ አታድርጉ፤ ቢያቅታችሁ አዘንብላችሁ ብረቱን ታራግፉታላችሁ። ጂሙ ይጮሃል፣ ይጩኽ።

ከፍተኛ ኪሎን ሳይሞክሩ ማወቅ

«ከፍተኛዬን እንዴት ልወቅ?» ለሚል፣ ለማወቅ ብላችሁ ወገባችሁን አትስበሩ። የታወቀ ስሌት አለ። ያነሳችሁትን ኪሎ ባነሳችሁበት ብዛት አባዙት፤ ለ30 አካፍሉት፤ የወጣውን በኪሎው ላይ ደምሩት። ቤንች 60 ኪሎ 8 ጊዜ ገፋችሁ እንበል። 60 ሲባዛ በ8፣ 480 ነው። ለ30 ሲካፈል 16። 60 እና 16፣ 76 ኪሎ። የዚህ 85 በመቶ ወደ 65 ኪሎ ይጠጋል። የጉልበት ዙራችሁ እሱ ነው። ስሌቱ ከ10 ጊዜ በታች ላነሳችሁት የበለጠ ይሠራል፤ በ20 ከሰራችሁት አያስተማምንም።

ከስሌቱ በፊት ግን ብረቱን መዝኑት። በየሰፈራችን ያለው ጂም ብዙው ብረት ብየዳ ቤት የተቆረጠ ነው። 20 ተብሎ የተጻፈበት 18 ሊሆን ይችላል፤ ጥንዱም እኩል ላይሆን ይችላል። ባሩም ሁሌ 20 ኪሎ አይደለም። አንድ ቀን እህል ከሚሸጥ ሰው ሚዛን ለምናችሁ ሁሉንም መዝኑና ትክክለኛውን በቀለም ጻፉበት። ይህን ሳያደርጉ በመቶኛ ማስላት ቀልድ ነው።

አንድ የደረት ቀን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

የ76 ኪሎውን ልጅ እንውሰድ። ባዶ ባር 10 ጊዜ። 40 ኪሎ 5 ጊዜ። 50 ኪሎ 3 ጊዜ። 60 ኪሎ አንድ ጊዜ። ይህ ማሟሟቂያ ነው፣ ላብ ማውጫ አይደለም፤ ማንኛውም ዙር ሊያደክመው አይገባም።

ከዚያ 65 ኪሎ፣ 4 ዙር፣ በየዙሩ 3 ወይም 4 ጊዜ። ትከሻውን ወደ ኋላ ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ይተክላል። እግሩ መሬት ይረግጣል። ባሩን ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ ደረቱ ላይ አያንጥረውም፣ ነካ አድርጎ ይገፋዋል። የመጨረሻው ማንሳት ከመጀመሪያው ብዙ ከዘገየ ኪሎው በዝቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የጉልበቱ ሥራ አለቀ። ቀኑ ከዚህ በኋላ የመጠን ነው።

ኪሎውን ወደ 50 ያወርዳል። 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ እያረፈ። ከዚያ በዳምቤል ያዘነበለ ቤንች 3 ዙር። የገፋውን ያህል ደግሞ ይሳብ፤ ባር ወደ ሆድ መሳብ 4 ዙር፣ ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ) 3 ዙር። መጨረሻ ላይ እጅ፤ ባይሴፕስና ትራይሴፕስ ሁለት ሁለት ዙር። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ከወሰደ ወሬው በዝቷል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ከባዱ ሁሌ ትኩስ እያላችሁ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን አወፍረው ከዚያ ቤንች የሚገቡ አሉ። ትራይሴፕሱ ደክሞ ቤንች ምን ሊሆን ነው?

ሳምንቱ

ለሁለቱም ግብ አራት ቀን በቂ ነው። ሰኞ ላይኛው አካል በከባዱ፣ ማክሰኞ እግር በከባዱ። ሐሙስ ላይኛው አካል ለመጠን፣ ቅዳሜ እግር ለመጠን። ረቡዕና ዓርብ ባዶ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ጿሚው ያውቀዋል። ሰኞና ሐሙስ ሱና የሚጾም ደግሞ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሑድ ያድርገው፤ ሥራው ያው ነው።

ሦስት ቀን ብቻ የሚችል በየቀኑ ሙሉ ሰውነት ይሥራ። አንድ ከባድ እንቅስቃሴ ይምረጥ፤ አንድ ቀን ስኳት፣ አንድ ቀን ቤንች፣ አንድ ቀን ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት አንስቶ መቆም)። የቀረው ሁሉ በቀላሉ ለመጠን ይሁን። ባጃጅ የሚነዱ ልጆች በዚህ ነው የሚሠሩት፤ ከሥራቸው ጋር ሌላው አይሄድም።

ጾምና ፍስክ

የወሎ ነገር የሚገባው እዚህ ነው። የእኛ ጂም ግማሹ ይጾማል፣ ግማሹም ይጾማል፤ ወቅቱ ብቻ ነው የሚለየው። አንዳንዴ እሱም አይለይም። በ2018 የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ጂሙም ቀን ቀን ጭር ብሎ ማታ ማታ ይሞላ ነበር።

ብዙ ልጅ ጾም ሲገባ ወይ ጨርሶ ያቆማል፣ ወይ በፍስኩ ፕሮግራም ድርቅ ብሎ ይቀጥላል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። መጠን ለመጨመር ከሚቃጠለው በለጥ አድርጎ መብላት ይረዳል። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ፣ እንቁላልና ወተት በሌለበት፣ በሳምንት 18 ዙር ደረት መሥራት ድካም እንጂ ጡንቻ አያመጣም። ጉልበት ግን በትንሽ ሥራ ይጠበቃል። ባሩ ላይ ያለውን ኪሎ እስካልቀነሳችሁ ድረስ ዙሩን ወደ ግማሽ፣ ሲብስም ወደ ሲሶ ብታወርዱት ለሳምንታት ያላችሁን አታጡም። ስለዚህ በጾም ጉልበት ይምራ። ከባዱ 3 ዙር ይቆይ። የመጠኑን ሥራ ቁረጡት። 40 ደቂቃ ሠርታችሁ ወደ ቤት።

ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። በሁዳዴ ከ9 ሰዓቱ ምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይታችሁ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ኑ። በረመዳን ውኃም ስለሌለ ከኢፍጣር በፊት ከባድ ብረት አይነካም፤ ቀላል እንቅስቃሴ ከሆነ ይሁን። በቴምርና በሾርባ አፍጥራችሁ፣ ሳምቡሳውን መጥናችሁ፣ ከተራዊህ በኋላ ብትመጡ ይሻላል። አዲስ ክብረ ወሰን መሞከር በጾም ወቅት የለም። አለቀ።

ፍስክ ሲመጣ መጠን ይመራል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው፤ ለክርስቲያኑ ልጅ ከዓመቱ የተሻለው የመጠን ወቅት ይኸው ነው። ሰባት ሳምንት ይሆናል። ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ነቢያት ጾም መግቢያ፣ ኅዳር አጋማሽ ያለው ነው። ለሙስሊሙ ደግሞ ከኢድ አልፈጥር በኋላ ያሉት ወራት፤ አረፋም መሀል ላይ ሥጋ ይዞ ይመጣል። በእነዚህ ወቅቶች ከባዱን ዙር ወደ 2 ወይም 3 አውርዱት፣ ግን አትተዉት። የቀረውን ኃይል ሁሉ ለመጠኑ ስጡት።

ሳህኑ

ለጡንቻ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችሁ በቀን ወደ 1.6 ግራም ነው። 65 ኪሎ የሆነ ሰው ወደ 104 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አካባቢ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25፤ ሽምብራ ወደ 20፤ ኦቾሎኒ 25 አካባቢ። ሥጋም ዓሣም በ100 ግራም 20 እና ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ሐይቅ ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ የወጣ ሰው ዓሣውን ሳይበላ አይመለስ።

ሽሮ ላይ ግን አትሸወዱ። ዱቄቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሳህኑ ላይ ብዙው ውኃ መሆኑ ነው። በአንድ ሰው ድርሻ 50 ግራም ዱቄት ቢገባ 10 ግራም ፕሮቲን ቢሆን ነው። ወፍራም ምስር ወጥ፣ ባቄላ፣ የሽምብራ ቆሎ በኪስ፣ ይሄ ነው የጾም መፍትሔው። እንጀራውም ከጥራጥሬው ጋር ሲሆን ይደጋገፋል። ዱቄት ፕሮቲን በቆርቆሮ ለመግዛት የምታወጡትን ብር አስቡት፤ በዚያ ስንት ኪሎ ምስር እንደሚመጣ እናታችሁን ጠይቁ።

በርጫውን ካላነሳሁ አልጨረስኩም። ከሰዓት በኋላ ቅሞ ማታ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። ተዉ ብዬ አልሰብክም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። ግን ጫት ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ያባርራል። ጡንቻ የሚያድገው ደግሞ በልቶ በተኛ ሰው ላይ ነው። የመጠን ወቅት ላይ ሆናችሁ ኪሎ አልጨምር ካላችሁ ፕሮግራሙን ከመቀየራችሁ በፊት በርጫችሁን ቁጠሩ። በምርቃና ላይ ሆኖ ከባድ ብረት ማንሳት ደግሞ አደጋ ነው። ጫቱ ልብን አፍጥኖ ደም ግፊትን ከፍ አድርጎታል፤ ትንፋሽ ይዞ ስኳት ሲገባበት ይብሳል። እኔ እንደዚያ ሆኖ የመጣ ሰው ባር አላስይዝም፤ «ነገ ና» ነው የምለው።

መጨመርና መቀነስ

ደብተር ይኑራችሁ፣ የ12 ገጽም ቢሆን። ቀን፣ ኪሎ፣ ብዛት። ለመጠን ስትሠሩ መጀመሪያ ብዛቱን ጨምሩ። 50 ኪሎ በ8 ጀምራችሁ ሦስቱንም ዙር 12 ስታደርሱ 2.5 ኪሎ ጨምሩና ወደ 8 ተመለሱ። ለጉልበት ደግሞ አራቱን ዙር በጥሩ አቀማመጥ ስትጨርሱ በሚቀጥለው ሳምንት 2.5 ኪሎ። ችግሩ 1.25 ኪሎ ብረት በብዙ ጂም የለም። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ሁለት ቁራጭ አስቆርጡና በቦርሳችሁ ያዙ። በ5 ኪሎ መዝለል ለእግር ይሆናል፤ ለትከሻ ግን ግድግዳ ነው።

ከባዱ ኪሎ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከወረደ ብዙ ሰው ከባዱን ይቀንሳል። መቀነስ ያለበት ግን የመጠኑ ሥራ ነው። ድካሙን ያመጣው እሱ ነው። በየአምስት ስድስት ሳምንቱ ደግሞ አንድ ሳምንት ዙሩን ሁሉ በግማሽ ቀንሱ። አትጥፉ፣ ቀለል አድርጉት።

እህቶች፣ ከባድ ብረት ወንድ ያደርገናል ብላችሁ ከሁለት ኪሎ ዳምቤል ጋር አትቅሩ። ይህ ሁሉ ቁጥር ለእናንተም ያው ነው። ሰውነት በአንድ ሌሊት አይወፍርም፤ ቢሆንማ ወንዶቹ ይህን ያህል አይለፉም ነበር። ደም ግፊት ወይም ቡአ ያለበት ሰው ግን ወንድም ይሁን ሴት መጀመሪያ ሐኪም ይይ።

ከጾም ወደ ፍስክ ስትሻገሩ አትሩጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ጡንቻ 8 ዙር፣ በሁለተኛው 10፣ ከዚያ 12፤ ጡንቻው ከታመመና እንቅልፍ ከተቃወሰ እዚያው ቁሙ። የፋሲካ ዕለት ደግሞ ዶሮውን ጠግቦ ስኳት ልሥራ ብሎ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። ዝግ ነው። ማክሰኞ ኑ፣ በእግር እንጀምራለን።